መቶ ኮኔክሽን ለምን አልበቃም? የአንድ የጋራ ዳታቤዝ ሰርቨር የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ጉዳዩ የአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ነው። የተቋሙም ሆነ የሠራተኞቹ ስም አይጠቀስም። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ 14 ቅርንጫፎች በቪፒኤን ይገናኛሉ። የሁሉም መረጃ ያለው በአንድ ሰርቨር ላይ ነው፦ 8 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ኡቡንቱ 22.04፣ ፖስትግሬስ 14 የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም። ኮኔክሽን የምንለው አንድ ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር ለመነጋገር የሚከፍተውን መስመር ነው።

ሰርቨሩን አራት ዓይነት ሲስተም ይጋራዋል። ዋናው የቁጠባና ብድር ሲስተም በጃቫ የተሠራ ሲሆን በሁለት አፕሊኬሽን ሰርቨር ላይ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሂካሪ ፑል (ተከፍተው ተራ የሚጠብቁ ኮኔክሽኖች ስብስብ) ከፍተኛ መጠን 30 ተደርጓል። የሰው ኃይልና ደመወዝ ሲስተሙ በፒኤችፒ ነው፤ እስከ 40 ቻይልድ ፕሮሰስ እንዲያስነሳ ተፈቅዶለታል፣ ፐርሲስተንት (ሥራው ሲያልቅም የማይዘጋ) ኮኔክሽንም በርቷል። ቅርንጫፎች ውስጥ በ35 ኮምፒውተሮች ላይ የተጫነ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አለ፤ መሐል ላይ ምንም ሳይኖር በቀጥታ ዳታቤዙን ይከፍታል። የሪፖርት ስክሪፕቶቹ ቢበዛ 6 ኮኔክሽን ይይዛሉ።

60፣ 40፣ 35 እና 6 ሲደመር 141 ነው። ፖስትግሬስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ማክስ_ኮኔክሽንስ (የኮኔክሽኖች ከፍተኛ ቁጥር) ግን 100 ነው፤ ከዚያም ላይ 3ቱ ለሱፐርዩዘር (ሙሉ ሥልጣን ላለው አስተዳዳሪ) ስለሚቀመጡ ለሌላው የሚተርፈው 97 ብቻ ነው። ይህን ድምር የሠራ ሰው አልነበረም። አራቱን ሲስተሞች ያስገቡት በተለያየ ጊዜ የመጡ አቅራቢዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ሰርቨሩን የብቻው አድርጎ ነው የቆጠረው።

ችግሩ

አዘቦት ቀን ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይመጣ ነገሩ ሳይታወቅ ኖሯል። ወሩ መጨረሻ ላይ ደመወዝ ሲሠራና ቅርንጫፎች ሒሳብ ሲዘጉ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቴለሮች መግባት ያቅታቸው ነበር። የሰርቨሩ ሎግ የቀሩት ቦታዎች ለሱፐርዩዘር የተያዙ መሆናቸውን የሚገልጽ ፌታል ስህተት በተከታታይ ይጽፋል። ተረኛው ባለሙያ ፖስትግሬስን ሪስታርት ያደርጋል፣ ሁሉም ይገባል፣ ከአንድ ሰዓት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይሞላል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነበር። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ሪስታርት በመሐል የነበረውን ሥራ ሁሉ ስለሚሰርዝ ቴለሩ ገንዘቡን ተቀብሎ መዝገቡ ያልገባበት አጋጣሚ ይፈጠር ነበር።

ሌላም ምልክት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። መብራት በሄደበት ቀን ወሩ አጋማሽ ላይም ቢሆን ቦታው ይሞላ ነበር።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ቁጥሩን መጨመር

ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ማክስ_ኮኔክሽንስ ከ100 ወደ 300 ከፍ ተደረገ። ይህ ቅንብር በሪሎድ (ሳይዘጉ ቅንብሩን እንደገና በማስነበብ) ብቻ አይሠራም፤ ፖስትግሬስ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ መነሳት አለበት፤ ስለዚህ ሥራው ማታ ተከናወነ። ለሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ወሩ ሲያልቅ ሰርቨሩ ራሱ ወደቀ።

ምክንያቱ ሜሞሪ ነው። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮሰስ ያስነሳል። ከዚህ ቀደም አንድ ሪፖርት ዘግይቶ ነበርና ወርክ_ሜም የሚባለው የሥራ ሜሞሪ ወሰን ከነባሩ 4 ሜጋባይት ወደ 64 ሜጋባይት ከፍ ተደርጓል። 64 ሜጋባይቱ ለኮኔክሽን የተመደበ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ በአንድ ኩዌሪ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የሶርት ወይም የሃሽ እርምጃ ነው። አራት እንዲህ ዓይነት እርምጃ ያለው የደመወዝ ሪፖርት 256 ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ አርባው በአንድ ላይ ሲነሳ 10 ጊጋባይት ደረሰ ማለት ነው። ለሼርድ_በፈርስ (ሁሉም ለሚጋሩት ሜሞሪ) አስቀድሞ 4 ጊጋባይት ተይዟል። ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያጥረው አንዱን የፖስትግሬስ ፕሮሰስ በሲግናል 9 ገደለው። አንድ ፕሮሰስ በዚህ መንገድ ሲሞት የጋራው ሜሞሪ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል በሚል ፖስትግሬስ የቀሩትን ሁሉ ዘግቶ ወደ ሪከቨሪ ይገባል። አስቸጋሪ ኮኔክሽንን በኪል 9 ማስወጣት የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለዚያ ሥራ ፒጂ_ተርሚኔት_ባክኤንድ የሚባል ፈንክሽን አለ።

የመቶው ወሰን ከቁጥሩ በላይ የመጡትን ብቻ ያስቀር ነበር፤ አሁን ግን ችግሩ ሁሉንም ይዞ መውደቅ ሆነ። ቁጥሩ ወደ 100፣ ወርክ_ሜም ወደ 8 ሜጋባይት ተመለሱ፤ ከባድ ሪፖርቶች ለሚሠሩበት ዩዘር ብቻ 64 ተተወ።

ማን ይዞታል?

ሁለተኛው ዙር በቆጠራ ጀመረ። ቦታው በሞላበት ጠዋት በሱፐርዩዘር ተገብቶ፣ የተጠበቁት ሦስት ቦታዎች ለዚህ ነው የሚጠቅሙት፣ የኮኔክሽኖች ዝርዝር የሆነው ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ በስቴት (ኮኔክሽኑ ባለበት ሁኔታ)፣ በዩዘር፣ በክላየንት አድራሻና በስቴት_ቼንጅ (ሁኔታው በተለወጠበት ጊዜ) ተደርድሮ ታየ። ከ97ቱ ውስጥ በእርግጥ ሥራ ላይ የነበሩት፣ አክቲቭ የሚሉት፣ 8 ብቻ ነበሩ። 12ቱ አይድል ኢን ትራንዛክሽን (ሥራ ጀምረው ሳይጨርሱ የቆሙ)፣ የቀሩት 77 አይድል (ሥራ ያልያዙ)። ሰርቨሩ ሥራ አልበዛበትም ነበር፤ ቦታው የተያዘው በማይሠሩ ነው።

ከአይድሎቹ መካከል አንድ የቅርንጫፍ አድራሻ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ተገኘ፤ አድራሻው አንድ፣ ፖርቱ ግን ሦስት የተለያየ። በዚያ አድራሻ ያለው አንድ የቴለር ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮግራሙም የሚከፍተው አንድ ኮኔክሽን ነው። ስልክ ተደውሎ ሲጠየቅ ጠዋት መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቷል፣ ኮምፒውተሩም ዩፒኤስ የለውም። እንዲህ ያሉ ሙት ኮኔክሽኖች ሲቆጠሩ 21 ሆኑ።

ሙታኑን ማስወጣት

ኮምፒውተር በሥርዓት ሲዘጋ ወይም ፕሮግራሙ ሲዘጋ ለሰርቨሩ የመዝጊያ ፓኬት ይልካል። መብራት ሲሄድ ግን ምንም አይላክም፤ በሰርቨሩ በኩል ኮኔክሽኑ እንደተከፈተ ይቀራል። ሊኑክስ ይህን የሚያጣራበት የቲሲፒ ኪፕአላይቭ አለው፤ ነባሩ ቅንብሩ ግን 7200 ሰከንድ ዝም ካለ በኋላ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ መጠየቅ ነው። መልስ የማይሰጥ ኮምፒውተር እስኪታወቅ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። መብራቱ ተመልሶ ቴለሩ እንደገና ሲገባ አሮጌው ቦታ ገና አልተለቀቀም።

በፖስትግሬስ ቅንብር ላይ የሚከተለው ተጻፈ፦ ቲሲፒ_ኪፕአላይቭስ_አይድል 60፣ ኢንተርቫል 10፣ ካውንት 6። ሙት ኮኔክሽን በ120 ሰከንድ ይታወቃል። ኪፕአላይቭ የሚሠራው መስመሩ ዝም ሲል ብቻ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ መልስ ልኮ ማረጋገጫ እየጠበቀ ሳለ መብራት ከሄደ አያግዝም፤ ያኔ ሊኑክስ ደጋግሞ ለመላክ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ለዚያኛው ቲሲፒ_ዩዘር_ታይምአውት 120 ሰከንድ ተደረገ። ለነዚህ ሪሎድ ይበቃል። በማግሥቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሙት ኮኔክሽን አልተጠራቀመም።

ከዚህ በፊት ተሞክሮ የተተወ ሌላ መንገድም ነበር፤ በየ10 ደቂቃው አይድል የሆነውን ሁሉ የሚያስወጣ የክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ) ስክሪፕት። የሂካሪን ጤነኛ ኮኔክሽኖችም ሳይለይ ስለሚዘጋ ዋናው ሲስተም መሐል ላይ ስህተት ይሰጥ ነበር። በፑል ውስጥ ያለ አይድል ኮኔክሽን ጥፋት የለበትም፤ ተራውን እየጠበቀ ነው።

ትራንዛክሽን ከፍቶ ምሳ መውጣት

12ቱ አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሁሉም ከዴስክቶፕ ፕሮግራሙ የመጡ ነበሩ። ፕሮግራሙ የብድር ቅጽ ሲከፈት ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቅ ወይም የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ይጀምራል፣ የደንበኛውን መዝገብ ይቆልፋል፣ ሴቭ እስኪባል ይጠብቃል። ሠራተኛው ቅጹን ከፍቶ ሰነድ ፍለጋ ከሄደ ወይም 6 ሰዓት ሲሆን ለምሳ ከወጣ መዝገቡ እንደተቆለፈ ነው። ሌላ ቅርንጫፍ ያንኑ ደንበኛ ሲነካ ይቆማል፤ የቆመውም በበኩሉ ቦታ ይዟል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፦ የቆየ ትራንዛክሽን ስናፕሾት (የዚያን ቅጽበት የመረጃ ዕይታ) ይዞ ከሆነ ቫኪዩም የሚባለው ጽዳት ከዚያ ወዲህ የሞቱ ረድፎችን ማጽዳት አይችልም፣ ቴብሉ ያብጣል።

እንዲህ የቆመን ኮኔክሽን የሚያቋርጠው አይድል_ኢን_ትራንዛክሽን_ሴሽን_ታይምአውት መጀመሪያ ለሁሉም 5 ደቂቃ ተደረገ። ይህ ችኮላ ነበር፤ ሠራተኞች ረጅም ቅጽ ሞልተው ሴቭ ሲሉ ኮኔክሽኑ ተቋርጦ የጻፉት ሁሉ ጠፋ። ለዴስክቶፑ ዩዘር ብቻ በኦልተር ሮል (ለአንድ ዩዘር ብቻ ቅንብር በሚሰጥ ትእዛዝ) ወደ 15 ደቂቃ ተለወጠ፤ ለሌሎቹ 5ቱ ጸና። አቅራቢው ፕሮግራሙን አስተካክሎ ትራንዛክሽኑ ሴቭ ሲባል ብቻ እንዲከፈት ካደረገ በኋላ ወደ 2 ደቂቃ ወረደ። እውነተኛው መፍትሔ የፕሮግራሙ መስተካከል ነው፤ ታይምአውቱ ያንን እስኪያገኙ የሚያቆይ ነው።

ፖስትግሬስ 14 ትራንዛክሽን ሳይከፍት ዝም ብሎ የቆየውን የሚያቋርጥ አይድል_ሴሽን_ታይምአውት የሚባልም ጨምሯል። እሱ ለዴስክቶፑ ዩዘር ብቻ 4 ሰዓት ተደረገ። ፑል በሚጠቀሙ ሲስተሞች ላይ ማድረግ የክሮን ስክሪፕቱን ጥፋት መድገም ነው።

ፒጂባውንሰር

ሙታኑና ቆላፊዎቹ ከወጡ በኋላም 141ዱ ለ97 ቦታ እንደቀረ ነው። ስለዚህ በዚያው ሰርቨር ላይ ፒጂባውንሰር 1.16 ተተከለ። ሥራው እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ የሚመጣውን ሁሉ ይቀበላል፣ ወደ ፖስትግሬስ የሚያሳልፈው ግን የተፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው፣ የቀረው ሰልፍ ይጠብቃል። አፕሊኬሽኖቹ ከ5432 ፖርት ወደ 6432 እንዲዞሩ ተደረገ። ማክስ_ክላየንት_ኮን 400 ሆነ።

ዋናው ምርጫ የፑል ሞዱ ነው። በሴሽን ሞድ ደንበኛው እስኪወጣ አንድ የፖስትግሬስ ኮኔክሽን ለብቻው ይይዛል። በትራንዛክሽን ሞድ ትራንዛክሽኑ እንዳለቀ ኮኔክሽኑ ለሌላ ይሰጣል። ቁጠባው ያለው በሁለተኛው ነው፤ ጣጣውም ያለው እዚያው ነው። የጃቫው፣ የደመወዙና የሪፖርቱ ሲስተም በትራንዛክሽን ሞድ ሆኑ። ዴስክቶፑ በሴሽን ደረጃ የሚያዝ አድቫይዘሪ ሎክ (ፕሮግራሙ ራሱ ጠይቆ የሚይዘው ቁልፍ) ስለሚጠቀም በሴሽን ሞድ ቀረ።

መጠኑ ላይ አንድ ወጥመድ ነበር። ዲፎልት_ፑል_ሳይዝ 20 ሲባል ለሰርቨሩ በሙሉ 20 አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የዩዘርና የዳታቤዝ ጥምረት 20 ነው። የሪፖርቱ ዩዘር ሦስት ዳታቤዝ ስለሚከፍት ጥምረቶቹ 6 ሆኑ፣ 6 በ20 ደግሞ 120፤ ከመቶው በላይ። ስለዚህ ለየዳታቤዙ ፑል_ሳይዝ ተጻፈ፦ ለጃቫው 16፣ ለደመወዙ 8፣ ለዴስክቶፑ 40። ሪፖርቱ ወደ አንድ ዳታቤዝ ተጠቃሎ 4 ተሰጠው። ድምሩ 68። ማክስ_ኮኔክሽንስ 100 ላይ ሆኖ ለባክአፕ፣ ለክትትልና ለሱፐርዩዘር ሰፊ ቦታ ተረፈ። 16 የተመረጠው የኮሩን ቁጥር በ2 ማባዛት ከሚለው የተለመደ መነሻ ነው፤ 8 ኮር ያለው ማሽን በአንድ ቅጽበት ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ኩዌሪ ቢሰጠው ሥራው አይፈጥንም፣ ይጋፋል እንጂ። የሂካሪው ፑልም በየአፕሊኬሽን ሰርቨሩ ከ30 ወደ 10 ወረደ።

በትራንዛክሽን ሞድ የተሰበረው

የጃቫው ሲስተም ገና ሲነሳ ኤክስትራ_ፍሎት_ዲጂትስ የሚባል መነሻ ፓራሜትር ስለሚልክ ፒጂባውንሰር አልቀበልም አለ። በኢግኖር_ስታርትአፕ_ፓራሜተርስ ላይ ስሙ ሲጻፍ አለፈ። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ሙከራውን አልፎ የመጣው ነው። በሙከራ ወቅት እያንዳንዱ ገጽ አንድ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ሁሉም ደህና ነበር። ሥራ ሲጀመር ግን ፕሪፔርድ ስቴትመንት (አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ትእዛዝ) የለም፣ አንዳንዴም ቀድሞ አለ የሚል ስህተት በብዛት መጣ። የፖስትግሬስ የጃቫ ድራይቨር አንድን ስቴትመንት በሰርቨሩ ላይ ስም ሰጥቶ የሚያስቀምጠው ለአምስተኛ ጊዜ ሲጠራ ነው፤ ፕሪፔር_ትሬሾልድ የሚባለው ነባር ዋጋው 5 ነው። የተቀመጠበት የፖስትግሬስ ኮኔክሽን በሚቀጥለው ትራንዛክሽን ለሌላ ተሰጥቷል፣ ስለዚህ ስሙ አይገኝም። ገጽን ሁለት ጊዜ ከፍቶ የሚሞክር ሰው ይህን በፍጹም አያየውም። በኮኔክሽን ዩአርኤሉ ላይ ዋጋው 0 ሲደረግ ቆመ። ፒጂባውንሰር ከ1.21 ጀምሮ ማክስ_ፕሪፔርድ_ስቴትመንትስ በሚለው ቅንብር ይህን ራሱ ይይዘዋል፤ ያን ስሪት ጭኖ ቅንብሩን የሚያበራ ሰው የድራይቨሩን ዋጋ 0 ማድረግ አያስፈልገውም።

አደገኛው የደመወዙ ሲስተም ነበር። ሲገናኝ ሴት ሰርች_ፓዝ ብሎ ስኪማ (በዳታቤዙ ውስጥ ያለ የቴብሎች ክፍል) ይመርጥ ነበር። በትራንዛክሽን ሞድ ይህ ምርጫ በፖስትግሬሱ ኮኔክሽን ላይ ተጣብቆ ይቀርና ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያገኘዋል። ስህተት አይሰጥም፤ የተሳሳተ ስኪማ ላይ በጸጥታ ይሠራል። የታየው የዘመን መዝጊያ ስኪማው ውስጥ ያሉ የአምና ቁጥሮች በአንድ ሪፖርት ላይ ብቅ ሲሉ ነው። ምርጫው ከፕሮግራሙ ወጥቶ በኦልተር ሮል ሴት ለዩዘሩ ተጻፈ፤ የመዝጊያው ስኪማም የራሱ ዩዘር ተሰጠው። ወደ ትራንዛክሽን ሞድ የሚሄድ ማንም ሰው አስቀድሞ በኮዱ ውስጥ ሴት፣ ሊስን፣ ቴምፖራሪ ቴብልና አድቫይዘሪ ሎክ የሚሉትን ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሦስተኛው የታወቀው መብራት ሲሄድ ነው፤ ሙት ኮኔክሽኖች ከዴስክቶፑ በኩል እንደገና ተጠራቀሙ። ኪፕአላይቩ የተስተካከለው በፖስትግሬስ ላይ ነበር፤ አሁን ግን የቅርንጫፉ ኮምፒውተር የሚነጋገረው ከፒጂባውንሰር ጋር ነው። ፒጂባውንሰርና ፖስትግሬስ በአንድ ማሽን ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው የሚሞት መስመር የለም፣ ስለዚህ የፖስትግሬሱ ምርመራ ሁሌም ደህና ነው ይላል። በሴሽን ሞድ የሞተ ደንበኛ ቦታውን እንደያዘ ይቀራል። ቲሲፒ_ኪፕአይድል 60፣ ቲሲፒ_ኪፕኢንትቭል 10፣ ቲሲፒ_ኪፕሲኤንቲ 6 በፒጂባውንሰር ቅንብር ላይም ተጻፈ።

በሩን መዝጋት

ማን ከየት እንደሚገባ የሚወስነው ፒጂ_ኤችቢኤ ፋይል ውስጥ ከላይ ለማንኛውም አድራሻ፣ ለማንኛውም ዳታቤዝና ለማንኛውም ዩዘር የሚፈቅድ መስመር ነበር። ከሥሩ በጥንቃቄ የተጻፉ የየቅርንጫፉ መስመሮች አሉ፤ ግን ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ተነቦ የመጀመሪያው የገጠመ መስመር ስለሚወስን ከሥር ያሉት አንድም ቀን አልሠሩም። ላይኛው መስመር ወጣ፣ ሊስን_አድሬስስ ወደ ሎካልሆስት ተለወጠ፣ 5432 በፋየርዎሉ ተዘጋ።

በማግሥቱ ከዕቅድ ክፍል አቤቱታ መጣ። አንድ ባለሙያ ከኤክሴል በኦዲቢሲ (የዳታቤዝ ማገናኛ) በቀጥታ፣ በዋናው ሲስተም ዩዘርና ፓስዎርድ፣ ለረጅም ጊዜ ሲገባ ኖሯል። ሥራው ትክክለኛ ፍላጎት ነው፤ ማንበብ ብቻ የሚችል የራሱ ዩዘር ተሰጠው፣ በሪፖርቱ ፑል ውስጥ ገባ፣ ስቴትመንት_ታይምአውትም 2 ደቂቃ ተደረገለት።

ከፒጂባውንሰር በኋላ በፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ የሚታየው ክላየንት አድራሻ ሁሉ የሰርቨሩ የራሱ ነው፤ ያ አንድ አድራሻ ሦስት ጊዜ የታየበት ዓይነት ምርመራ አይቻልም። አፕሊኬሽን_ኔም_አድ_ሆስት 1 ሲደረግ የደንበኛው አድራሻና ፖርት በአፕሊኬሽን ስሙ ላይ ተቀጥሎ ይመጣል። ይህን የሚረሳ ሰው በሚቀጥለው ችግር ዓይኑ ታስሮ ነው የሚፈልገው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ከለውጦቹ በኋላ ባሉት የወር መጨረሻዎች ቦታ ሞላ የሚል ስህተት አልተመዘገበም፣ ፖስትግሬስም በሥራ ሰዓት ሪስታርት አልተደረገም። ሰልፍ ግን አለ። ሾው ፑልስ በሚለው የፒጂባውንሰር ትእዛዝ ሲታይ ደመወዝ በሚሠራበት ሰዓት ሲኤል_ዌይቲንግ (ሰልፍ የሚጠብቁ) ላይ ጥቂት ይታያሉ፤ ማክስዌይት (ረጅሙ የጥበቃ ጊዜ) ከ2 ሰከንድ አያልፍም። ይህ የታሰበበት ነው፤ 2 ሰከንድ የሚጠብቅ ቴለር ከተባረረ ቴለር ይሻላል። ክትትሉም ከጠቅላላ ኮኔክሽን ቁጥር ወደ ማክስዌይት ዞሯል፤ ከ5 ሰከንድ ሲያልፍ ለተረኛው መልእክት ይላካል።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ሰርቨር ከመነካቱ በፊት ድምሩ ይሠራ። የእያንዳንዱ አፕሊኬሽን የፑል መጠን በአፕሊኬሽን ሰርቨሮቹ ቁጥር ተባዝቶ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ አዲስ ሲስተም ሲገባ አቅራቢው በውሉ ላይ የሚጠቀምበትን የኮኔክሽን ብዛት እንዲገልጽ ይጠየቅ። በዚህ ተቋም ያ ገጽ ቢኖር ኖሮ ችግሩ ሦስተኛው ሲስተም በገባ ቀን ይታወቅ ነበር።

ለየሲስተሙ የተለየ ዩዘር ሳይኖር ከላይ ከተደረገው አብዛኛው አይቻልም። ታይምአውት፣ የኮኔክሽን ወሰን፣ ወርክ_ሜም፣ ሰርች_ፓዝ ሁሉም በዩዘር ደረጃ ሊቀመጡ የሚችሉ ናቸው። ሁሉም በአንድ ዩዘር የሚገባበት ሰርቨር ላይ የመጀመሪያው ሥራ ዩዘሮቹን መለየት ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም ከፒጂባውንሰሩ መቅደም አለበት።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የሊኑክስን የሁለት ሰዓት ኪፕአላይቭ እንዳለ መተው አይገባም። ቅንብሩ የሚያስፈልገው ደንበኛው በቀጥታ የሚያናግረው ፕሮግራም ላይ ነው፤ መሐል ላይ አዲስ ነገር በተተከለ ቁጥር ቅንብሩ አብሮ መዛወሩ ይረጋገጥ። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ከአንድ ኮምፒውተር ከገቡ በኋላ የኔትወርክ ገመዱን መንቀልና ኮኔክሽኑ ከሰርቨሩ ዝርዝር ላይ በስንት ሰከንድ እንደሚጠፋ መቁጠር። ፕሮግራሙን ዘግቶ መሞከር ግን ምንም አያሳይም፤ የመዝጊያው ፓኬት ይላካልና።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ፒጂባውንሰሩ አንድ ነው፤ እሱ ከቆመ አራቱም ሲስተሞች ይቆማሉ። ለጊዜው የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺው ሲስተምዲ ወዲያው እንዲያስነሳው ተደርጓል፤ ሁለተኛ ሰርቨር ሲገዛ ሌላው እዚያ ይተከላል ተብሎ በዕቅድ ተይዟል።